ጋሽ ኮማንደርና የመርከቡ ሽጉጥ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት... ሁለት ሽማግሌ ጭኜ ከቴክሳሷ ዩለስ ወደ ፎርት ዎርዝ የጦር መሣሪያ ገበያ፣ ገን ሾው፣ ነዳሁ። መኪናው የአባቴ፣ ሽማግሌዎቹም የአባቴ ጓደኞች። የኔ የሆነው ላይሰንሱ ብቻ ነው።

ከፊት ጋሽ ኮማንደር ተቀምጠዋል። በንጉሡ ጊዜ ምጽዋ የባሕር ኃይል መኮንን ነበሩ፤ አሁን ኤርፖርት ፓርኪንግ ቡዝ ውስጥ ሆነው ቲኬት ይቀበላሉ። ጭናቸው ላይ በፎጣ የተጠቀለለ የድሮ የመርከብ ሽጉጥ አለ። እጀታው ነሐስ፣ ጎኑ ላይ መልሕቅ የተቀረጸበት። ለባሕር ኃይል በዓል የመጣ የእንግሊዝ መርከብ ካፒቴን በገዛ እጁ ሸልሟቸው ነው። በሱዳን ሲሰደዱ ሻንጣቸውን ጥለው እሱን ይዘው ወጡ፤ የካርቱም ኤርፖርት ፈታሾችም አይተው ዝም ብለው አሳለፏቸው። ሌላ ጊዜ ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነው የሚኖረው፤ ከሥሩ ያለው ወንበር ላይ ከሳቸው በቀር ማንም አይቀመጥም። እኔ አንዴ ሞክሬ እናቴ በዓይኗ ነው ያስነሳችኝ።

ከኋላ ሻለቃ አሉ። የድሮ ምድር ጦር፣ የዛሬ ታክሲ ነጂ። ባለፈው ማኅበር ላይ ሁለተኛው ቢራ ሲያልቅ «ይሄ ሽጉጥ እኮ ለግድግዳ የተሠራ ነው» ብለው ቤቱን ጸጥ አሰኙት። ጋሽ ኮማንደር ቀስ ብለው «ቅዳሜ ባለሙያ ይየው። ውሸት ከሆነ ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮማንደር ብላችሁ እንዳትጠሩኝ» አሉ።

ሶ... መንገዱን ሙሉ ሲነታረኩ ነበር።

«ባሕሩ እንኳ ከእጃችን ወጥቷል፤ አንተ ገና ሽጉጥ ትወለውላለህ!»

«አንተስ? ታንክህን የት ፓርክ አደረግኸው?»

እኔ ሳቅሁ። እነሱ አልሳቁም።

ገን ሾው ውስጥ ባለጠረጴዛው ሰፊ ባርኔጣ ያደረገ የቴክሳስ ሽማግሌ ነው። ሽጉጡን ገለባበጠውና ቀጭን ሽቦ አፈሙዙ ውስጥ ሰደደ። ሽቦው ጥፍር ያህል ገብቶ... ቆመ። ሰውየው በእንግሊዝኛ፣ ለኔ ብቻ መስሎት፣ «ልጄ፣ ይሄ ተተኩሶበት አያውቅም። በርሜሉ ድፍን ነው። የቱሪስት ዕቃ ነው፤ ግድግዳ ላይ ግን ያምራል» አለኝ።

የካርቱም ፈታሾች ለምን ዝም ብለው እንዳሳለፏቸው ያኔ ገባኝ።

በሳቅ ልፈነዳ ስል ጋሽ ኮማንደርን አየኋቸው። ክራቫት አስረው ነው የመጡት። ፎጣውን ያጥፋሉ፣ ይፈታሉ፣ እንደገና ያጥፋሉ... እሳቸው እኮ ወታደርነትን የተማሩት በእንግሊዝኛ ነው።

«ምን አለ?» አሉኝ ሻለቃ።

«ኦሪጅናል ነው አለ። እንግሊዞች ባሕር ላይ የተዋጉበት።»

ሻለቃ አተኩረው አዩኝ። ከዚያ ሽጉጡን በሁለት እጃቸው አንስተው፣ ጎንበስ ብለው ለጓደኛቸው ሰጡ።

«ይቅር ይበሉኝ ኮማንደር። ተሳስቻለሁ።»

ጋሽ ኮማንደር ተቀበሉ። ቀና ግን አላሉም። ስንመለስ የሻለቃ ፔጀር መንገዱን ሙሉ ለታክሲ ሥራ ሲጠራቸው ነበር። ጋሽ ኮማንደርን ቤታቸው በር ላይ ሳወርዳቸው ሽጉጡን በፎጣው ጠቅልለው ገቡ።

ሻለቃ ወደ ፊት ወንበር ተዛወሩ።

«ጎበዝ ውሸታም ነህ።»

«ሰምተውት ነበር እንዴ?»

«አንተ ጩጬ፣ እዚህ አገር ታክሲ የምነዳው በግዕዝ መሰለህ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ? አሸንፈው ነበር እኮ!»

ወደ መስኮቱ ዞሩ።

«ዛሬ የሱ ሽጉጥ ውሸት ነው ከተባለ፣ ነገ ደግሞ የኔን ሻለቃነት የሚጠይቅ ይመጣል። ጦሩ የለ፣ አዛዡ የለ... ማንን ምስክር እጠራለሁ?»

መኪናውን ወደ ሻለቃ ቤት አዞርኩ።

ቤት ስገባ አባቴ ሶፋው ላይ ሆኖ «እሺ፣ ሽጉጡ ምን ተባለ?» አለኝ። አባቴም ድሮ አንድ አውራጃ ሙሉ አስተዳድር ነበር ይላል።

«ኦሪጅናል ነው» አልኩት... ስለ አውራጃው ግን ምንም አልጠየቅኩትም።