የማዶው ማሾ

ከሩቅ የሚታይ መብራት ድንገት ድርግም ብሎ ተመልሶ ሲበራ፣ እስከ ዛሬ ድረስ ሳላስበው መቁጠር እጀምራለሁ። ከማዶ አንድ ሰው በመብራቱ ፊት አልፎ ይሆናል፤ ወይ በሬ፣ ወይ ነፋስ ያዘነበለው ቅርንጫፍ። አፌ ግን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ማለቱን አይተውም። ልጆቼ ለምደውታል። «እማዬ ደግሞ ጀመራት» ይሉኛል፤ እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ። ለምን እንደምቆጥር ግን ነግሬያቸው አላውቅም። አንተ ከጠየቅኸኝ ልንገርህ።

ንጉሡ ከዙፋን ሊወርዱ ጥቂት ወራት የቀሩበት ዘመን ነበር። የመካነ ሰላም ገበያ ይቆማል እንጂ የሚሸመት የለበትም፤ ሰው ባዶ ስልቻውን አንግቶ ይመጣና ባዶውን ይዞ ይመለሳል። ረሃብ የሚለውን ቃል ደፍሮ የሚጠራው አልነበረም። «ችግር» ነበር የሚባለው። ችግር ገባ፣ ችግር ጸና፣ የእገሌ ቤት በችግር ተዘጋ። ልጆች ስለነበርን ስሙ ሲቀል ነገሩም የሚቀል ይመስለን ነበር።

አንድ ዴስክ ላይ አብራኝ የምትቀመጠው ልጅ የምታድረው እኛ ቤት ነበር። አገሯ ወደ ከላላ አቅጣጫ ነው፤ ተመላልሳ ልትማር የማትችልበት ሩቅ መንገድ። አባቷ በየገበያው ቀን ስንቋን በአህያ ጭነው ይመጡ ነበር፤ የገብስ ዱቄት፣ ሽሮ፣ አንዳንዴም የባቄላ ቆሎ። በመጀመሪያ አህያዋ ቀረች፣ ስንቁን በትከሻቸው ተሸክመው መጡ። ቀጥሎ ስንቁ ቀረ፣ ባዶ እጃቸውን መጥተው አይተዋት ተመለሱ። በመጨረሻ እሳቸውም ቀሩ። ከጎረቤቶቻቸው ጋር እህል ፍለጋ በደሴ መንገድ ወጥተዋል ተባለ። እናቴ ለሁለታችን በአንድ ሳህን እያቀረበች «ኧረ ብሉ፣ ነገ ይበላሻል» ትል ነበር። በዚያ ዓመት ማንም ቤት ለነገ የሚተርፍና የሚበላሽ ነገር አልነበረም። ልጅቷ እንዳታፍር ብላ ነው።

የሳይንስ አስተማሪያችን ከደሴ የመጣ ወጣት ነበር። ያለው ኮት አንድ ነው፤ የኮቱ ክርን ላይ ሁልጊዜ ጠመኔ አይጠፋም። አንድ ቀን ከመጽሐፉ ወጣ አለና በማርስና በጁፒተር መካከል ፀሐይን ስለሚዞሩ የድንጋይ ስብርባሪዎች ነገረን። አስትሮይድ ይባላሉ አለን፤ ከኮረብታ የሚያንሱ አሉ፣ ከወሎ የሚሰፉም አሉ። በትልቁ ቴሌስኮፕ እንኳ ሲታዩ ግን ነጥብ ብቻ ናቸው።

«ነጥብ ከሆኑ ቅርጻቸው በምን ታወቀ?» ብላ የጠየቀችው ጓደኛዬ ነበረች። ጥያቄ ሲያምራት ጣቷ ከሁላችን ቀድሞ ይነሣ ነበር።

በማግስቱ ሁለት ድንች ይዞ መጣ። የክፍሉን መስኮቶች ዘጋ። በቆርቆሮው ጣሪያ ላይ የሚስማር ቀዳዳ ስለነበረ አንዲት ቀጭን የፀሐይ ዘንግ ወረደች፤ በውስጧ አቧራው ይታያል። ረዘም ያለውን ድንች በክር አንጠልጥሎ እዚያ ብርሃን ውስጥ አሽከረከረው። ጎኑን ሲሰጠን ይደምቃል፣ ጫፉን ሲሰጠን ይደበዝዛል። «አንድ ጊዜ ሲዞር ሁለት ጊዜ ከደመቀ ሞላላ ነው ማለት ነው» አለን። ወዲያው ትልቁን ድንች በከሰል አጠቆረውና ትንሹን ልጦ ከጎኑ ያዘው። ሁለቱ ከሩቅ እኩል የሚያበሩ መሰሉ። ብርሃን ብቻውን መጠን እንደማይናገር ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

እውነቱን ልንገርህ፣ የብዙዎቻችን ዓይን ብርሃኑ ላይ አልነበረም። የተላጠው ድንች ሽታ ክፍሉን ሞልቶት ምራቃችንን እንውጥ ነበር። እሱም ገብቶታል መሰለኝ፣ ድንቾቹን ጥያቄ ለመለሰ እሰጣለሁ አለ። የጓደኛዬ ተራ ሲደርስ የጠየቃት ጥያቄ የአንደኛ ክፍል ልጅ የሚመልሰው ነበር። ከመካከላችን የሳቀባት አልነበረም።

ይህን ሰው በኋላ ብዙ ፈልጌዋለሁ። አብዮቱ መጣና በዚያው የእስራት ዘመን ደሴ ታስሯል የሚል ወሬ ሰማን፤ ከዚያ ወዲህ አየሁት የሚል ሰው አላገኘሁም።

የአስትሮይዶቹን መጠን ለማወቅ ደግሞ፣ አንዱ በኮከብ ፊት እስኪያልፍ ይጠበቃል አለን። ሰዎች በተለያየ ቦታ ይቆማሉ። ኮከቡ መቼ እንደጠፋበትና መቼ እንደተመለሰለት እያንዳንዱ ይጽፋል። አንድ ሰው ብቻውን ያለው አንዲት መስመር ናት፤ የሁሉም መስመር ሲደረደር ግን የድንጋዩ ቅርጽ ከነመጠኑ ይወጣል። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነው በሉና» አለ። አስተማሪያችን ሳቀና ራሳችሁ ታደርጉታላችሁ አለን።

ትምህርት ቤቱ ከተዳፋት ላይ ነው። ከፊት ለፊቱ ሸለቆ አለ፤ በሸለቆው ማዶ ደግሞ ከገጠር ወደ ከተማው የሚገባው የእግር መንገድ ያልፋል። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ በፓምፕ የሚሠራውን የጋዝ መብራት፣ እኛ ማሾ የምንለውን፣ ከመንገዱ በላይ ካለ ዛፍ ላይ በሰው ቁመት እንዲሰቅለው ተነገረው። ቀጥሎ ዘበኛው፣ አስተማሪው ከካርቶን የቆረጠውን፣ ቅርጹን ለእኛ ያላሳየንን ነገር በእንጨት ላይ ሰክቶ በማሾው ፊት በዝግታ ያልፋል። እኛ በወዲህኛው ተዳፋት፣ በእርሻው እርከን ላይ ከታች እስከ ላይ አንድ አንድ ሆነን እንቆማለን። አስተማሪው ደግሞ በግቢው የተሰቀለውን የመኪና ቸርኬ፣ ደወላችንን፣ ቀስ እያለ ይመታል። መብራቱ በስንተኛው ምት እንደጠፋና በስንተኛው እንደተመለሰ መያዝ የእኛ ሥራ ነው።

በዚያው ሳምንት፣ በገበያው ቀን፣ አንዲት የአገራቸው ሴት ጓደኛዬን ፈልጋ ቤታችን መጣች። «አባትሽ መንገድ ላይ ታሞ ነው፤ የአገራችን ሰዎች በቃሬዛ እያመጡት ነው» አለቻት። ሴትዮዋ ክንዷን ያዝ አደረገችና «አብሽሪ፣ አይዞሽ፣ አፉ ይናገራል። ጋደም ሲል ነው ትንፋሹ የሚያጥረው። ደግፈው አስቀምጠው ነው የሚያመጡት። ከጤና ጣቢያው ያደርሱታል፣ ወላሂ ይድናል» አለች። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ጓደኛዬ ዓይኗ ከመንገዱ አልተነቀለም። እንጀራ ስትቆርስ፣ ስታጠና፣ አንድ ሰው ከበር ውጭ ሲያልፍ፣ ጆሮዋ እዚያ ነበር።

የሙከራው ቀን ደርሶ አመሻሹ ላይ በእርከኑ ስንሰለፍ ከላይኛው መጨረሻ ላይ ልቁም አለች። ለምን እንደሆነ ሁላችንም አውቀናል፤ ሳይጨልም መንገዱ ከዚያ ይታያል። እኔ ከእሷ ሥር ያለውን እርከን ያዝሁ። ብርዱ ጉልበት ይቆርጣል። ከከተማው የባሕር ዛፍ ቅጠል ጭስ እየተነዳ ይመጣ ነበር። ጨለመ፤ ማዶው ጠፍቶ ማሾዋ ብቻዋን ቀረች፤ ደወሉ መመታት ጀመረ።

በአራተኛው ምት መብራቱ ጠፋብኝ። ከሥሬ ያሉት ልጆች «ጠፋ! በራ! ኧረ ጠፋ!» እያሉ ይንጫጫሉ። እኔ ዘንድ ጠፍቶ ቆየ። እንዲህ ይቆያል ብዬ ስላልጠበቅሁ ቁጥሩ እንዳያመልጠኝ ጣቶቼን አጥፍ ነበር። በአሥራ አንደኛው ተመለሰ። ወደ ላይ ቀና ብዬ «ምን ያህል ቆየብሽ?» አልኳት። ነጠላዋን ጠበቅ አድርጋ ተከናነበች። ብርዱ ነው ብዬ ተውኳት።

ክፍል ገባን። አስተማሪው ኩራዝ ለኮሰና ጠመኔውን ከታችኛው እርከን ለቆመው ልጅ ሰጠው። ልጁ መስመሩን አሰመረ፤ አንድ መስመር ሳይሆን ቁርጥራጭ ሆነ። «ጠፋ፣ በራ፣ ጠፋ፣ በራ ነበር ጋሼ» አለ። ከእሱ ቀጥሎ ያለችውም እንደዚያው። ከእነሱ በላይ የቆሙት መስመራቸው ሁለት ቦታ ሆነ፤ ፊትና ኋላ፣ መሐሉ ባዶ። አስተማሪው ግራ ገብቶት ጭንቅላቱን አከከ። «ይሄ አስትሮይድ እግር አለው» አለ አንዱ። «አልጋ ነው! ጋሼ አልጋ ቆርጠውልናል» አለ ሌላው። ክፍሉ በሳቅ አውካካ፤ እኔም ስቄአለሁ። ተራዬ ደርሶ መስመሬን አሰመርሁ። የፊቱንና የኋላውን ያገናኘ አንድ ረጅም መስመር ሆነ። ከሁሉም ረጅሙ የእኔ ነበር።

ይህን ጊዜ ዘበኛው ማሾዋን አንጠልጥሎ ገባ። ካርቶኑ በብብቱ ነው። ኮፍያውን አውልቆ ይዞታል።

«ይቅርታ መምህር፣ ዛሬስ አልሆነልኝም። መንገደኛ መጣብኝና ከመንገድ ወርጄ ቆሜ ቀረሁ» አለ።

«ታዲያ በመብራቱ ፊት ያለፈው ምንድን ነው?»

«መንገደኛ ነው መምህር» አለ ዘበኛው። ሁላችንንም እየተዟዟረ አየን፤ ጓደኛዬን ብቻ አላየም።

የማሾው ብርሃን ሰሌዳውን ሞላው። የገጠር ልጆች ነን፤ ለእኛ ያንን ሥዕል የሚያስረዳ ሰው አያስፈልግም። እግሮች፣ ፊትና ኋላ የሚሄዱ ተሸካሚዎች፣ በትከሻቸው ላይ ረጅም አግዳሚ እንጨት። ከኋላ አንድ ሰው በሹክሹክታ «ቃሬዛ» አለ። ሳቁ በአንዴ ሞተ። አስተማሪው የሰሌዳ መጥረጊያውን አነሣ።

«ጋሼ፣ አያጥፉት» አለች ጓደኛዬ። «የኔ ቀርቷል።»

ተነሥታ ሄደች። አባቷ ተደግፈው ተቀምጠው ከሆነ ራሳቸው ከተሸካሚዎቹ በላይ መታየት አለበት። ያ ራስ ማሾዋን የሚጋርደው ደግሞ ከላይኛው እርከን ለቆመ ሰው ነው፤ ለእሷ። አጭር መስመር ትበቃን ነበር። የአንድ ምት፣ የግማሽ ምት። አምላኬ ሆይ አንዲት ጭረት ስጣት ብዬ በልቤ ለመንሁ።

ጠመኔውን ከእኔ መስመር በላይ አድርጋ ያዘችና ቆመች።

«በስንተኛው ጠፋብሽ?» አለ አስተማሪው፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

«አልጠፋብኝም» አለች። «እኔ ዘንድ መብራቱ እስከ መጨረሻው በርቶ ነበር።»

በእርከኗ ትክክል ዜሮ ጻፈች። ጠመኔውን አስቀመጠች፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ወደ ዴስካችን ተመለሰች። አስተማሪው ወደ ግድግዳው ዞሮ ነበር።

በእኛ አገር መርዶ በሌሊት አይነገርም፤ ሳይነገርም አይለቀስም፣ ሟርት ነው። እናቴ ነገሩን በጆሮዋ ስነግራት አፏን በእጇ ያዘች፤ ግን አብሽሪ እንኳ ልትላት አልቻለችም። አብሽሪ ካለቻት መርዶውን እሷ ነገረች ማለት ነው። ስለዚህ እራት አቀረበች። ጓደኛዬም የቀረበላትን ቆርሳ በላች፣ አመሰገነች፣ ከጎኔ ተኛች። እንቅልፍ እንዳልወሰዳት አውቅ ነበር፤ እኔም እንዳልወሰደኝ ታውቃለች። ጀርባዬን ለጀርባዋ አስጠግቼ አደርሁ። ሌላ የማደርግላት ነገር አላገኘሁም፣ ዛሬም ቢሆን ምን ይደረግ እንደነበር አላውቅም።

ጎሕ ሲቀድ ከቃሬዛው ጋር የተጓዙት የአገሯ ሽማግሌዎች መጡ። ቃሬዛውን በቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም አሳድረውት ነበር። በር ላይ ሆነው ጉሮሯቸውን ጠራረጉ፣ «እንደምን አደራችሁ» አሉ፤ መርዶ ነጋሪ እንደሚያደርገው ከዝናቡ፣ ከከብቱ ሊጀምሩ ተቀመጡ። ጓደኛዬ ከጓዳ ወጣች። ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ ዘቅዝቃ ለብሳዋለች። ትልቁ ሽማግሌ ንግግራቸውን አቋርጠው ወደ እናቴ ዞሩ።

«ማን ነገራት?»

«እሷ ናት ለእኛ የነገረችን» አለች እናቴ።

ጓደኛዬ የሽማግሌውን ጉልበት ሳመችና እዚያው ሥራቸው ተቀመጠች።

«አባቴ እስከ የት ድረስ ነው ተቀምጦ የመጣው?» አለቻቸው።

«እስከ ወንዙ፣ ልጄ» አሉ። «ወንዙን እስክንሻገር ድረስ ተቀምጦ፣ ያወራን ነበር።»

ያን ጊዜ አለቀሰች።