የረቡዕ በረዶ

የበረዶ ሆኪ ክለቡ ሊቀመንበር ራይኔ ኩስቶላ የደወለ ዕለት ሁለት ወሬ ይዞ ነበር። ማሩን አስቀደመ።

«ሄልያ፣ ማሊያሽን ጣሪያ ላይ ልንሰቅለው ነው! ከእንግዲህ አሥራ ሰባት ቁጥርን ማንም አይለብሰውም።»

ሄልያ ራውቲዮላ የወተት ቦቴዋን ጥግ አስይዛ አቆመች። ትልቅ ክብር ነው፤ እስከዚያ ቀን ጣሪያው ላይ የተሰቀለው የወንዶች ማሊያ ብቻ ነበር።

«የሴቶቹን የረቡዕ ሰዓት ግን ለአዛውንቶቹ ቡድን ሰጥተነዋል» አለ ራይኔ እንደ ዋዛ። «አንቺም ያው ማቆምሽ ነው፤ የቡድንሽ ልጆችም ያለ አንቺ እምብዛም አይሆኑም። ቅዳሜ ለማሊያው ሥነ ሥርዓት በጊዜ ነይ።»

ማቆሟን ማን ነገረው? እሷ አቆማለሁ ብላ አታውቅም። ከተማቸው ሃርማላ ያላት የበረዶ አዳራሽ አንድ፣ ሴቶቹ የሚለማመዱበትም ቀን ረቡዕ ብቻ ነው። ረቡዕ ከተወሰደ ቡድኑ አለቀለት። ለማን ሲባል? ቦርጫቸውን ይዘው ግማሽ ሰዓት ተንሸራተው፣ ቀሪውን ሳውና ውስጥ ለሚያወሩ የራይኔ ወዳጆች!

ሄልያ በረዶን የለመደችው አባቷ በብርድ የረጋውን ሐይቅ በአካፋ ጠርጎ ባበጀላት ሜዳ ላይ ነው። ከወንዶች ልጆች ጋር ተጫውታ አደገች፤ ታስለቅሳቸው ነበር። አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላት አሰልጣኙ «ጎበዝ ነሽ፣ ግን ልብስ የምትቀይሪበት ክፍል የለንም» ብሎ አሰናበታት። በእሷ ቦታ የገባው ልጅ በበረዶ ላይ ቀጥ ብሎ መቆም እንኳ አይችልም ነበር። እሷ ወደ ሴቶቹ ቡድን ሄደች፤ እነሱም የሚቀይሩት ከጽዳት ዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ፣ በባልዲና በመጥረጊያ መሃል ነበር። ለብሔራዊ ቡድን ተሰልፋ የነሐስ ሜዳሊያ ባመጣች ማግስት ወተት ልትሰበስብ ወጣች። አንዱ ገበሬ «በቴሌቪዥን አየሁሽ» አላት፤ «ቱቦውን ጠበቅ አድርጊው፣ ያፈሳል።» በዚያ አገር ከዚህ የበለጠ ሙገሳ የለም፤ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሏት ዋለች።

ያገሬው ሰው በዝምታው ይኮራል። ሄልያም ጥርሷን ነክሳ ዝም ስትል ኖረች። ዝምታ ለበግም አልበጃት፣ አሥራ ሁለት ሆና አንድ ነብር ፈጃት ይባል የለ? ለእሷም አልበጃት።

ክለቡ የቆመው በደቦ ነው። በወንዶቹ ግጥሚያ ቀን ቋሊማ የሚጠብሱት፣ ቡና የሚቀዱት፣ ጣፋጭ ዳቦ የሚሸጡት የሴቶቹ ቡድን ተጫዋቾች ናቸው። ሥራው ይህን ያህል ስለተለመደ ማን እንደሚሠራው የሚያስብ አልነበረም። ቅዳሜ ዕለትም ማንም አላሰበም።

በወንዶቹ ግጥሚያ የመጀመሪያው እረፍት ላይ መብራቱ ደበዘዘ። ሄልያ መሃል በረዶው ላይ ቆመች፤ ማሊያዋ ከጣሪያው በወረደው ገመድ ጫፍ ታስሯል። ራይኔ ማይክሮፎኑን ጨብጦ፣ «አሁን ደግሞ ለዓመታት አብረዋት የተጫወቱት እህቶቿ ይግቡ!» ሲል አወጀ።

በሩ ተከፈተ። ማንም አልገባም።

ሙዚቃው ተጫወተ፣ ተጫወተ፣ ቆመ። «አፍረው ነው መሰለኝ» አለ ራይኔ፤ ሕዝቡ ሳቀ።

ሄልያ አፍረው እንዳልሆነ ገባት። በእረፍት ሰዓት ቋሊማ የሚጠብቀው ሰልፍ እስከ ውጭው በር ይደርሳል። ማን ትቶት ይመጣል? ደሟ ፈላ። ከበረዶው ወጣች፤ የመንሸራተቻ ጫማዋን ሳታወልቅ በኮሪደሩ ቀጭ ቀጭ እያለች ቋሊማ መሸጫው ሱቅ ደረሰች።

የቡድኑ ግብ ጠባቂ ቬንላ ሽርጥ አድርጋ ቋሊማ ትገለብጣለች። «ሄልያ! አንቺ ጣሪያ ላይ መሆን አልነበረብሽም እንዴ?»

«ሽርጥሽን እንዳታወልቂ። ሁላችሁም ተከተሉኝ።»

«የእኔ ቋሊማስ?» አለ ከሰልፉ ፊት የቆመ ጎረምሳ።

«እጅ የለህም? ራስህ ገልብጥ!» ብላ የሱቁን መዝጊያ ቷ አድርጋ ዘጋችው።

ሴቶቹ ሽርጣቸውን እንደታጠቁ፣ ሰናፍጭ እጃቸው ላይ እንዳለ፣ እየተንሸራተቱና እየተደጋገፉ በረዶው ላይ ወጡ። ራይኔ ፊቱ ቲማቲም መስሎ ተጠጋት።

«ምን ሆነሻል? ቋሊማው ያርራል እኮ!»

«ይረር! የእኔ አንጀት ሲያርር ማን አጠፋው?» ማይክሮፎኑ እጁ ላይ እንደበራ ስለነበር ቃሏ አዳራሹን ሞላው። «ማሊያዬን ጣሪያ ላይ ሰቅለህ ልጆቹን ከበረዶው ታወርዳለህ? ረቡዕን መልስ።»

«እሺ፣ ሰኞ እንነጋገርበታለን፣ የኔ ቆንጆ…»

«ቆንጆ አይደለሁም፣ ተከላካይ ነኝ። ሰኞ የሚባለውንም ሃያ ዓመት ሰምቼዋለሁ። እስክትመልስ ከዚህ ንቅንቅ አንልም።»

የበረዶ ማለስለሻውን መኪና የሚነዳው ሽማግሌ ኤስኮ በሩ ላይ ደርሶ ነበር። ሴቶቹን አየ፣ ራይኔን አየ፣ ሞተሩን አጠፋ፤ ሳንድዊቹን አውጥቶም መብላት ጀመረ። ወንዶቹ ተጫዋቾች አጥሩ ጋ ተደርድረው በመጫወቻ ዱላቸው እንጨቱን ለድጋፍ ይደበድቡ ጀመር። ከላይ ከተመልካቹ መሃል አንዲት አሮጊት፣ «መልስ እንጂ፣ አንተ ግትር!» ብላ ጮኸች። የራይኔ የገዛ እናት ነበረች።

ራይኔ ማይክሮፎኑን ወደ አፉ አስጠጋ። «ረቡዕ… የሴቶቹ ነው።»

አዳራሹ በጭብጨባ ሲናጋ ገመዱን እንድትስብ ሰጧት። ሄልያ ግን ገመዱን አልሳበችም። ቋጠሮውን በጥርሷ ፈታች፣ ማሊያዋንም ከነቁጥሩ ጠቅልላ ብብቷ ስር አደረገችው።

«ምነው?» አለ ራይኔ።

«ረቡዕ ምን ልልበስ?» አለችና ልጆቹን ይዛ ወጣች። ገመዱ ባዶውን ወደ ጣሪያው ተሳበ።