ዳንቴል የለበሰው መጥረጊያ

ባለፈው ሰሞን ሐዋሳ ባደርኩበት ሆቴል ኮሪደር ላይ፣ የወለል መጥረጊያ ማሽን በጠዋት ማጓራት ጀመረ። ሌላ ሰው ቢሆን ትራሱን ጆሮው ላይ ይጭን ነበር፤ እኔ ግን አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ብቻዬን ሳቅሁ። ዲላ፣ የጎረቤታችን የእትዬ አስካለ ሳሎን ትዝ አለኝ።

እትዬ አስካለ መናኸሪያው አጠገብ የክርና የጨርቅ ሱቅ ነበራቸው። ሳሎናቸው ውስጥ ዳንቴል ያልለበሰ ዕቃ አልነበረም፤ ቴሌቪዥኑ፣ ቴፑ፣ ስልኩ፣ ፔርሙዙ ሳይቀር ለብሶ ነው የሚውለው። ልጃቸው ምሕረት ከቤይሩት አቧራ የሚስብ የኤሌክትሪክ መጥረጊያ ስትልክላቸውም፣ ከፋብሪካ የመጣበትን ላስቲክ ሳይገልጡ ከላዩ ሮዝ ዳንቴል ሠርተው አለበሱት። «አቧራ እንዳይነካው ነው» አሉ። የአቧራ መጥረጊያ መሆኑን ማን ደፍሮ ይንገራቸው?

ከነልብሱ ሲሰኩት መጥረጊያው ጮኸ እንጂ አልሳበም። የዲላን ቀይ አፈር ምንጣፉ ላይ እየዳበሰ ያልፋል። ሰፈሩም «ልጅቷ የተጣለ ዕቃ ላከችባቸው» ብሎ ማንሾካሾክ ጀመረ። ለእትዬ አስካለ ይህች ወሬ ከሞት የከፋች ነበረች። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እያሉ ጥፋቱን በመብራቱ አላከኩ። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ከአጥሩ በላይ ብቅ ይሉና ይጣራሉ።

«ቴፕ አጥፉ! ካውያ ንቀሉ! ኃይሉን እናንተ ጨረሳችሁብኝ!»

እናጠፋለን። ከአጥሩ ማዶ በማሽን ፀጉር የሚቆርጠው በራሶ ብቻ ይለምናል፤ «እትዬ፣ የሰውዬው ጭንቅላት ግማሹ ቀርቷል!»

«ፀጉር የትም አይሄድም፤ ይጠብቅ!»

ሰፈሩ ጸጥ ይላል። መጥረጊያው አንዲት የክር ቁራጭ እንኳ አያነሳም። እሳቸው ግን «ዛሬ ትንሽ ሳበ፣ አይደል?» ይላሉ። ጎረቤት ነንና «ኧረ ስቧል!» እንላለን።

ከዚያ ምሕረት ለእረፍት መጣች። የሰፈሩ ሴቶች እንኳን ደህና መጣሽ ሊሏት ሳሎኑን ሞልተውት ሳለ፣ መጥረጊያውን አየችና በሳቅ ፈረሰች። ዳንቴሉን ገፈፈችው፤ ላስቲኩን ቀደደችው።

«እማዬ፣ በአፍንጫው የገባው አየር በጀርባው ካልወጣ በምን ይሳብ? አፍነሽው እኮ ነው!»

መጥረጊያው ሲነሳ የመጋረጃውን ጫፍ ጎረሰ። ቤቱ በእልልታ ተናጋ፤ እትዬ አስካለ «አላልኳችሁም!» እያሉ ሐሜተኞቹን አንድ በአንድ ገላመጡ።

ምሕረት አላቆመችም። ቀና ሳትል፣ ወንበሩን በጉልበቷ እየገፋች ከሶፋው ሥር እስከ በሩ አዳረሰችው። ሴቶቹ የእጇን ፍጥነት ያደንቃሉ። አንዷ ጎረቤት ጋ ስትደርስ፣ ሳታስበው፣ «ማዳም፣ እግርዎን» አለች።

ሴቲቱ እግሯን አነሳች። የሳቀ ሰው አልነበረም። እትዬ አስካለ ተነስተው ሶኬቱን ነቀሉ።

«ተይው ልጄ። ነይ፣ አጠገቤ ተቀመጪ። እናትሽ ቤት ነሽ።»

እትዬ አስካለ ካረፉ ቆይተዋል። በእኛ ቤት ግን ዛሬም ከዐረብ አገር የተመለሰች ልጅ ልትጠይቀን መጥታ ሳህን ለማንሳት ብድግ ስትል፣ እጇን ይዘን እናስቀምጣታለን።