ስልኬ ላይ የጻፍኩትን አላጠፋም

ስልክሽ ላይ ሁልጊዜ ምንድን ነው የምትጽፊው ለሚሉኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው፤ የምረሳውን። ይህን ስል ፊታቸው ላይ የሚመጣውን ሐዘኔታ አውቀዋለሁ። ለራሳቸው ይያዙት።

መርካቶ ውስጥ የልብስ ስፌት ዕቃ እሸጣለሁ፤ ቁልፍ፣ ዚፕ፣ ገበር፣ ላስቲክ። ሱቄ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከቆመበት ሦስተኛው ደጅ የሚቀርበት ነው። እኛ ተራ ግን ሱቅ በስፋቱ አይለካም። ልብስ ሰፊ መጥቶ የሌለኝን ቀለም ቢጠይቀኝ "የለም" አልለውም። "አለ፣ ቁጭ በል" ብዬ በርጩማ እሰጠውና ወጥቼ ዕቃው ካለበት ሱቅ አመጣለታለሁ። ጎረቤቶቼም ከእኔ እንዲሁ ይወስዳሉ። ስለዚህ እዚህ ሰውን ነጋዴ የሚያሰኘው መደርደሪያው ሳይሆን የትኛው ዕቃ የማን ቤት እንዳለ ማወቁ ነው። እኔ ደግሞ በዚህ የታወቅኩ ሴት ነበርኩ። ከጎጃም በረንዳ እስከ አውቶቡስ ተራ ያለውን የቁልፍ ዓይነት ሁሉ ከነሱቁ በቃሌ አውቀው ነበር። ጉራዬን አልደብቅም።

ከዚያ ማጅራት ገትር ያዘኝ። ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ተኝቼ ዳንኩ። እግሬም ምላሴም እንደ ድሮው ነው። አእምሮዬ ግን እንደ ተበሳ ከረጢት ሆነ፤ አንዳንዱን ይይዛል፣ አንዳንዱን ያፈሳል፣ የትኛውን እንዳፈሰሰ ደግሞ አይነግረኝም።

ሱቅ በተመለስኩ ሰሞን አንድ ልብስ ሰፊ መጥቶ ወፍራም የብረት ዚፕ ፈለገ። "አለ፣ ቁጭ በል" አልኩና ዚፕ ወደሚያከፋፍሉት ሀጂ ሄድኩ። የተራችን ትልቅ ሰው ናቸው፤ ጠብ ሲነሳ የምንሄደው እሳቸው ዘንድ ነው። እንደ ወጉ ዕቃ ከመጠየቄ በፊት ሰላምታ አቀረብኩ። "ልጅዎስ እንዴት ነው? ሰሞኑን አላየሁትም" አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና "አልሐምዱሊላህ" ብለው ዚፑን ሰጡኝ። በሳምንቱ ሄጄ ያንኑ ደገምኩላቸው። በዚያን ቀን ዚፑን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡልኝና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

የነገረችኝ አጠገቤ ክር የምትሸጠው ጎረቤቴ ናት። ልጃቸው ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነው። "አንቺ እኮ ሦስት ቀን ለቅሶ ቤት ተቀምጠሻል" አለችኝ። "ለሴቶቹ ውሃ ስታድይ የነበርሽው አንቺ ነሽ።" አንዱም ትዝ አላለኝም። አሁንም ትዝ አይለኝም። ሱቄን ዘግቼ አለቀስኩ፤ ካለቀስኩ በኋላ ደግሞ ተናደድኩ። የጠቀመኝ ንዴቱ ነው።

በዚያው ቀን ስልኬ ላይ ማስታወሻ መጻፊያውን ከፈትኩ። መጀመሪያ የጻፍኩት ስለ ሀጂ ነው። ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመኝ። እያንዳንዱን ቁልፍ ከአውራ ጣቴ ጎን እያስቀመጥኩ፣ መጠኑ እንዲገባኝ፣ ፎቶ አነሳሁት። ከሥሩ ማን ሱቅ እንዳለ ጻፍኩ። ሰፊው "ቡናማ ገበር" ሲለኝ "ቡናማ" ብዬ ስፈልግ ሱቆቹ ተዘርዝረው ይመጡልኛል። ለሰውም ገጽ ገጽ ከፈትኩ፤ ማን በግራ ጆሮው እንደማይሰማ፣ ማን ጠዋት ጠዋት እንደሚነጫነጭ፣ ማንን ስለ ምን መጠየቅ እንደሌለብኝ።

ሳቁብኝ። "እትዬ፣ የራስዎንስ ስም ጽፈውታል?" ይሉኛል። "ጽፌዋለሁ፣ ያንተንም ልጨምረው?" እላለሁ። ሳቁን ችዬው ነበር።

ጉድ የፈላው አንዱ ላስቲክ ሻጭ በትከሻዬ በኩል አንገቱን አስግጎ ያነበበ ቀን ነው። በእሱ ሱቅ በር ላይ ቆሜ "ነጭ ላስቲክ፣ ቆጡ ላይ ብዙ ካርቶን አለው" ብዬ እየጻፍኩ ነበር። በማግስቱ ወሬው ተራውን አዳረሰው፤ ማን ምን እንዳለው የምትመዘግበው ለግብር ሰዎች ነው ተባለ። በሽታዋም ሰበብ ነው አሉ። ከዚያ ወዲያ በሄድኩበት ሁሉ መልሱ "አልቋል" ሆነ። ዕቃው ከኋላቸው ተደርድሮ በዓይኔ እያየሁት "አልቋል" ይሉኛል። ሰፊዎቹ በርጩማዬ ላይ ሲጠብቁኝ ባዶ እጄን እመለስ ጀመር። እንዲህ ከቀጠለ ሱቄን ዘግቼ ቤቴ መቀመጤ ነው።

አንድ ቀን ከዙሁር ሰላት መልስ ሀጂ ራሳቸው መጡ። ላስቲክ ሻጩና ሌሎች ሁለት ነጋዴዎች ደጅ ቆመው ይጠብቋቸዋል። ሀጂ በርጩማው ላይ ተቀመጡ።

"ልጄ፣ ሰው ፈርቷል" አሉኝ። "እኔ በክፉ አልጠረጥርሽም። ግን አጥፊውና እንደ ድሯችን እንኑር።"

"አላጠፋም ሀጂ።"

"ስለ እኔ ብለሽ።"

"የማላጠፋው እኮ ስለ እርስዎ ብዬ ነው!"

ጮኼ ነበር፤ ደጅ ያሉት ዞረው አዩን። ይስሙ አልኩ። ትልቅ ሰው ፊት መጮህ ነውር መሆኑን አልረሳሁትም፤ በሽታዬ እዚያ ድረስ አልገባም። ስልኬን አውጥቼ የመጀመሪያውን ገጽ አነበብኩላቸው።

"የዚፕ ሀጂ። ስለ ልጃቸው አትጠይቂ። ልጃቸው ሞቷል። ለቅሶ ደርሰሻል። ሁለት ጊዜ ጠይቀሻቸዋል። ሱቃቸው ከመግባትሽ በፊት ይህን አንብቢ።"

ሀጂ መቁጠሪያቸውን ይዘው መሬት መሬቱን ያዩ ጀመር።

"እርስዎ በር ላይ ስልኬን ይዤ የምቆመው ይህን ለማንበብ ነው" አልኳቸው። "ይህን ካጠፋሁ ሦስተኛ ጊዜ እጠይቅዎታለሁ። እነሱ ስለጠረጠሩኝ ብዬ ያንን አላደርግም። ሱቄ ከተዘጋም ይዘጋ።"

መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

"ስሙን ግን አልጻፍሽውም" አሉ በመጨረሻ።

"አላውቀውማ። ሰው መጠየቅ አፈርኩ።"

ስሙን ነገሩኝ። ቀስ ብለው፣ ሁለት ጊዜ። ስጽፍ ጎንበስ ብለው ስክሪኑን አዩና "ዚፕ ከላይ የሚያወርድልሽ እሱ ነበር" አሉኝ። "እሱንም ጻፊው።" ጻፍኩት።

ከዚያ ተነስተው ወጡና ደጅ የቆሙትን "የእኔን ቆጥ ከፈለገች ፎቶ ታንሳው" አሏቸው።

ላስቲክ ሻጩ እስከ ዛሬ "አልቋል" ይለኛል። ይበል። እሱንም ጽፌዋለሁ። የልጁን ስም ግን እዚህ አልጽፍላችሁም። ስልኬ ላይ አለ፤ ሀጂ በር ላይ ቆሜ አነበዋለሁ፣ ከዚያ እገባለሁ።