የተፈተገው ቁጥር

ሽማግሌው የነሐሱን መሣሪያ ከአሮጌ ዕቃ ሻጯ ከሰብለወርቅ እጅ መንጭቀው፣ ግራ ዓይናቸውን ጨፍነው ቀለበቱን አዞሩ። በወደብ ከተማዋ የካርቲየ 1 ሰፈር ገበያ ሙቀት ሸሚዛቸው እስከ አንገታቸው ተቆልፏል።

«የመርከብ መነጽር ነው አባባ፤» አለች ሰብለወርቅ።

«ምን መርከብ አመጣሽብኝ! የመድፍ ማነጣጠሪያ ነው። ክቡ ስድሳ ቦታ ተከፍሏል፤ የሩሲያ ነው። በቀይ ቀለም የተጻፈው የመድፉ ቁጥርስ?»

«እንዲያበራ ብዬ በሎሚና በአሸዋ ፈተግኩት።»

«እጅሽ ይሰበር! ሦስት ነበር ወይስ አምስት?»

«እኔ ቆሻሻ መስሎኝ... ምን ልዩነት አለው?»

«ጦራችን ተበትኖ ስንሸሽ መድፉን ትተን ማነጣጠሪያውን ነቅለን ነበር የምንይዘው። ሦስት የወንድሜ መድፍ ነው፤ ማነጣጠሪያው እዚህ ከደረሰ እሱም ድንበሩን ተሻግሯል ማለት ነው። አስታውሺ እንጂ!»

ሰብለወርቅ አላስታወሰችም። ሽማግሌው የሚያብረቀርቀውን ነሐስ በጥፍራቸው ደጋግመው ፋቁት።

በሳምንቱ አንድ ፈረንሳዊ ለመብራት መቆሚያ ገዛው።