ከግቢው ያመለጠው ድምፅ

መንገደኛው ሁሉ «አማቴ» ነበር የሚላት። ልጅ ድራ አይደለም፤ ልጅም የላትም። በቴሌቪዥን ድራማ ላይ ምራቷን ቁም ስቅሏን የምታሳይ ክፉ አማት ሆና ብትጫወት፣ የገዛ ስሟ ተረስቶ ይህ ቀረላት። ታክሲ ውስጥ ሴቶች ፊታቸውን ያዞሩባታል። አንዷማ፣ «ምን አድርጋሽ ነው ልጅቷን እንዲህ የምታንገበግቢያት?» ብላ እስክትወርድ ድረስ ስትነተርካት፣ አማቴ በሳቅ ፈርሳ፣ «ደራሲውን ጠይቂው እህቴ፣ እኔ ምን አጠፋሁ!» አለቻት።

በልቧ ግን እንደ እሷ ፈሪ አልነበረም። ከልጅነቷ ጀምሮ መጋረጃ ሊከፈት ሲል አፏ ይደርቃል። ፍርሃቷን ዋጥ አድርጋ መውጣት ነበር ሙያዋ።

አንድ ጠዋት አንዲት አጃቢ ተዋናይት ከሁሉም ቀድማ ሜካፕ ክፍል ገብታ ቁጭ አለች።

«አንቺ ዛሬ ካሜራ ፊት አትቀርቢም እኮ፤ ምን አስቸኮለሽ?» አለቻት ሜካፕ ሠሪዋ።

ልጅቷ ሻርፗን ገለጥ አድርጋ ያበጠ ጉንጯን አሳየቻት። «ለካሜራ አይደለም፤ ለሰው ነው። ሸፍኚልኝ።»

አማቴ ከጎን ሆና ሰማች። ያን ዕለት ምራቷን በጥፊ የምትመታበት ትዕይንት ነበር፤ እጇ አልታዘዝ አላት። ከዚያ ወዲህ የሰው ድርሰት መጠበቅ ትታ የራሷን ፊልም ማሠራት ጀመረች፤ ፕሮዲውሰር ሆነች። ፊልሞቿ ሲታዩላት ደግሞ ከአንድ ፋብሪካ ጀርባ ግቢ ተከራይታ፣ ከዱላ ሸሽተው የመጡ ሴቶችን ከነልጆቻቸው አስጠጋች። በሩ ላይ ምንም ምልክት አልሰቀለችም።

ከእነሱ አንዷ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ከትንሽ ልጇ ከሚጢ ጋር የመጣችው በክረምት ነው። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። «የትም ብትገቢ አወጣሻለሁ» ብሏታል። ከመጣች ጀምሮ የግቢውን በር አልፋ አታውቅም። አማቴ ስለ እንዲህ ያሉ ሴቶች ፊልም ስትሠራ ግን፣ ፊቷ እንዳይታይ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ድምፅዋም ተለውጦ ለመናገር እሺ አለች።

እዚያው ግቢ ውስጥ እያወራች ሳለ የፋብሪካው ሳይረን ጮኸ። ያ ሳይረን እንደታመመ ላም ጀምሮ ያቋርጥና እንደገና የሚያቃስት ነበር። ልብስ ሰፊዋ ዝም ብላ አዳመጠችው፤ ተንፍሳ ቀጠለች።

«ይህቺን እቆርጣታለሁ፣ ሳይረን ገብቶባታል» አለ የድምፅ ባለሙያው።

«እንዳትነካው!» አለች አማቴ። «ዝም ያለችበት ነው አንጀት የሚበላው። ሕይወት አለው።»

«እሺ አለቃ፣ ፊልሙ ያንቺ ነው።»

ፊልሙ በቴሌቪዥን የታየ ዕለት ሁሉም ሳሎን ተሰብስበው አዩ። ሳይረኑ ሲጮህ የልብስ ሰፊዋ እጅ ልጇ ፀጉር ላይ እንዳለ ቀረ።

«ምነው?» አለች አማቴ።

«ባሌ ዱሮ ከዚህ ፋብሪካ ጭነት ያመላልስ ነበር። ከተወው ቆይቷል ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ቤት ሲመጣ... ይህን ሳይረን እየኮረጀ ነበር ሚጢን የሚያስቃት።»

አማቴ ውሃ ሆነች። ስንቱን መስኮት ጨርቅ ጋርዳ፣ በጆሮ የሚገባውን ረሳች። ለፖሊስ ቢደውሉ፣ «ሰውዬው ምን አደረገ? ካደረገ ደውሉ» ተባሉ። በነጋው እኩለ ቀን መኪና መጥቶ እናትና ልጅን በጓሮ በር ሊያወጣቸው ተስማሙ።

ከመኪናው ቀድሞ እሱ መጣ።

«እትዬ፣» አለ ዘበኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አንድ ሰውዬ በየበሩ እያንኳኳ እየመጣ ነው።»

አማቴ ራሷ ወጣች፤ በሩን ከኋላዋ ገጠም አደረገችው። ሰውዬው ጢሙን ተላጭቷል፣ ሸሚዙ ተተኩሷል፣ ድምፁ ለስላሳ ነው። ይህ ነው ይበልጥ ያስፈራት።

«አማቴ! እውነት አንቺ ነሽ? እናቴ ብታይሽ ነፍሷ ነበር የምትወጣው በደስታ!»

«አለሁ የኔ ልጅ፣ ምን ልታዘዝ?»

«ትናንት ፊልምሽን አይቼ ሳለቅስ አመሸሁ። ያቺን ፊቷን ያዞረችዋን እዚህ አካባቢ ነው አይደል የቀረጻችኋት?»

መልሷን አልጠበቀም። እጆቹን አፉ ላይ ጎድጎድ አድርጎ፣ ዓይኑን በሩ ላይ ተክሎ፣ ሳይረኑን ኮረጀው። ጀመረ፣ አቋረጠ፣ እንደገና አቃሰተ።

«ልጄ ይህን ስትሰማ ሳቋን አትችለውም» አለና ጆሮውን ሰጠ።

አማቴ የሚጢን ሳቅ ጠበቀች። ከበሩ ወዲያ ምንም አልተሰማም። ያቺ እናት የልጇን አፍ እንዴት አድርጋ አፍና ይሆን!

«ጎበዝ ነህ እኮ፣ ተዋናይ መሆን ነበረብህ» አለችና ክንዱን ያዘችው። «ና፣ የቀረጽንበትን ላሳይህ።» ወደ በሩ ዞራም ጮክ አለች፤ «ዘበኛ! መቅረጫ ቤት ሄጃለሁ፣ ለምሳ አትጠብቁኝ!»

ጎን ለጎን ሄዱ። እሱ ከመኪና ከለል እያደረገ ያሻግራታል፤ ያየ ሁሉ እናትና ልጅ ይላቸዋል። መቅረጫ ቤቱ ግቢ ሲደርሱ አናጢዎች ጣውላ ይመታሉ። ቆሞ ዙሪያውን አዳመጠ። ፈገግታው ጠፋ።

«እዚህ ድረስ የፋብሪካው ሳይረን አይሰማም» አለና የእጇን አንጓ ጨመደዳት። «የት አደረግሻት?»

አማቴ አንድ ቃለ ተውኔት ፈለገች፤ ስንት ዘመን የሸመደደችው ሁሉ ከዳት። «አልነግርህም» አለች በቀጭን ድምፅ። ትወና አልነበረበትም።

«አማቴ፣ ሰላም ነው?» አለ አንዱ አናጢ መዶሻውን እንደያዘ። ሌሎቹም ቀና ቀና አሉ።

ሰውዬው እጇን ለቀቀ። «አድናቂዋ ነኝ እኮ፣ ምን ሆናችኋል?» ብሎ ሳቀና፣ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ፣ «እንገናኛለን እናቴ» አላት። ሄደ።

ወደ ማታ አማቴ መንገድ እየቀያየረች፣ ኋላዋን እያየች፣ እናትና ልጅ ወደተወሰዱበት የራሷ ዘመድ ቤት ደረሰች። ሚጢ ተኝታለች። ልብስ ሰፊዋ ወንበር ስባላት ፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

«አየሽው?»

«አየሁት።»

«ከስቷል?»

አማቴ ቀና ብላ አየቻት። ቀኑን ሙሉ እሱን ነበር የፈራችው፤ አሁን ግን የሴትዮዋን መናፈቅ ፈራች።

«አልከሳም። ሸሚዙም ተተኩሷል።»

ልብስ ሰፊዋ ቀሚሷን በጣቷ አሻሸች። «ሸሚዙን ማን ተኮሰለት ይሆን? መተኮስ አይችልም እኮ፤ ያቃጥለዋል።»

አማቴ ልትቆጣ ነበር፤ ልትለምንም ነበር። ሁለቱንም ትታ እጅጌዋን ሰበሰበችና ክንዷን ጠረጴዛው ላይ፣ መብራቱ ሥር አኖረች። የጣቶቹ ምልክት ጠቁሯል።

ልብስ ሰፊዋ አየችው። ስትነካው አማቴ ሳታስበው ሸሸት አለች። ልብስ ሰፊዋ ተነሥታ በሩን ቆለፈች፤ ቁልፉንም ነቅላ ለአማቴ ሰጠቻት።

«አንቺ ያዢው» አለቻት። «ብለምንሽም እንዳትሰጪኝ።»