ያሳሰርኩት ፉጨት

በ1977 ዓ.ም. በልግ ነው። ጂንካ ላይ ዝናቡ አላባራ ብሎ ነበር። ባለቤቴ በግቢያችን ጎሚስታ ነበር፤ ጎማ ይለጥፋል፣ በቤንዚን በሚሠራ ኮምፕሬሰር አየር ይሞላል።

ጸሎት ቤታችን ስለተዘጋ ሰባት ሴቶች ሆነን ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በእኔ ጓዳ እንሰበሰብ ነበር። መዝሙራችን መንገድ ድረስ እንዳይሰማ ባለቤቴ ሞተሩን ያስነሳል፤ የሚሞላ ጎማ ኖረም አልኖረም። ሞተሩ በራሱ አይቆምም። አየሩ የሚጠራቀምበት ታንክ ከልክ በላይ ሲሞላ ጎኑ ላይ ያለችው ትንሽ ቫልቭ እያፏጨች ትርፉን አየር ታስወጣለች።

እኔን ያስጨነቀኝ ያ ፉጨት ነበር፤ አየሩ የሚገባበት ጎማ እንደሌለ ያሳብቃል። አንድ ረቡዕ የቀበሌው ጥበቃ በአጥሩ ብቅ አለና፣

«ጓድ ጎሚስታ! መኪና የለ፣ ጎማ የለ፤ ለደመና ነው እንዴ የምትሞላው?» አለ።

«ደመናውማ ተበስቷል፤ ይኸው ሦስት ቀኑ ሲያፈስ» አለው ባለቤቴ።

ሁለቱም ሳቁ። እኔ ጓዳ ሆኜ መዝሙሩን በእጄ ምልክት አስቆምኩ።

ሴቶቹ እንደሄዱ፣ «ይህችን ፉጨት ዝም አሰኝልኝ» አልኩት።

«እሷ እኮ ጠባቂያችን ናት።»

«ጠባቂያችን እግዚአብሔር ነው» አልኩት።

ከአሮጌ ጎማ ላስቲክ ቆርጦ ቫልቯን ጠፍሮ አሰራት። ከዚያ በኋላ ስንዘምር ከታንኩ አጠገብ ይቆማል፤ የግፊት መለኪያው መርፌ ቀዩ መስመር ጋ ሲቃረብ በመሙያው ቱቦ በእጁ ያስተነፍሰዋል። ሁለት ረቡዕ እንዲህ አለፈ።

በሦስተኛው ከገዘር የመጣ የጭነት መኪና በራችን ላይ ጭቃ ያዘው። ሾፌሩ ባለቤቴን ለእርዳታ ጠራው። ገፍተው እስኪያወጡት ቆየ። እኛም መዝሙራችንን ቀጠልን። ባለቤቴ ትዝ ሲለው ሞተሩን ሊያጠፋ ሮጠ፤ ሳይደርስ ታንኩ ፈንድቶ ሆዱ ተቀደደ።

አጥሩ ሥር ወድቆ አገኘሁት፤ ከሁለቱም ጆሮዎቹ ደም ይወርዳል። እጁን ዳሰስኩ፣ እግሩን ዳሰስኩ፤ ሙሉ ነው። ብረቱ የሄደው ወደ ጓሮ፣ ሰው ወደሌለበት ነበር። ለዚህ እስከ ዛሬ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ።

ሾፌሩ በመኪናው ጤና ጣቢያ አደረሰን። ወደ አመሻሹ የቀበሌው ጥበቃ የተበጠሰውን ላስቲክ ይዞ መጥቶ፣ ለባለቤቴ ዓይኑ ሥር አሳየው።

«እኔ ነኝ ያሰርኩት። ፉጨቱ ሰልችቶኝ ነው» አለ ባለቤቴ።

«ስንት ዓመት የሠራህ ሰውዬ! ምን ነካህ?» አለ ሾፌሩ።

እኔ በሩ ጋ ቆሜ ነበር። ባለቤቴ አደጋውን ያውቅ ነበር፤ የእኔን ጭንቀት አይቶ ነው ያሰራት። ያንን መናገር ሲገባኝ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ዝም አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት አጥሚት ይዤ ሄድኩ። ክፍሉ በሽተኛና አስታማሚ ሞልቶታል፤ ሾፌሩም ሊጠይቀው መጥቷል። ጎንበስ ብዬ በጆሮው፣ «ይቅር በለኝ» አልኩት።

«ምን አልሽ?» አለ ጮክ ብሎ። አልሰማኝም።

አጥሚቱን አስቀምጬ ቀና አልኩ። ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «እሰራት ያልኩህ እኔ ነኝ! ይቅር በለኝ!» ብዬ ጮህኩ።